ሽንኩርት የሚከትፈው ንጉሥ

እሑድ

ሳላነብ ፈርሜ ጉድ ሆንኩ።

ወረቀቱን ሂላ ያመጣችው ባለፈው ሐሙስ ነው። «አባ፣ እዚህ ጋ ፈርም» አለችኝ፤ ፈረምኩ። ትምህርት ቤት ከገባች ጀምሮ እንዲሁ ነን። ወረቀት ይመጣል፣ በዕብራይስጥ ነው፣ እሷ በጣቷ ታሳየኛለች፣ እኔ እፈርማለሁ። ለሽርሽር ይሁን ለክትባት እግዜር ይወቅ። ጎንደር አሥረኛ ክፍል የደረስኩ ሰው ነኝ። እጅ ጽሑፉ ያምራል ተብዬ የመንደሩን ማመልከቻ ሁሉ የምጽፈው እኔ ነበርኩ። እዚህ ግን የአሥራ አንድ ዓመት ልጄ ጣቷን የት እንደምታሳርፍ እየጠበቅሁ ነው የምፈርመው።

ዛሬ ጠዋት ዘውዴ ከሥራ ገብታ ሻይዋን እየጠጣች ስልኳን ስታይ ሳቋ አመለጣት። የወላጆች ዋትሳፕ ነው። የሂላ አስተማሪ፣ በዕብራይስጡ ሞራ ዳፍና የሚሏት፣ የልጆቹን ጽሑፍ ፎቶ አንሥታ ልካለች። ባለቤቴ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት የሌሊት ተረኛ ናት፤ ከአሮጊቶቹ ጋር ስታወራ እያደረች ዕብራይስጡን ከእኔ ይልቅ ለምዳዋለች፣ ታነባለችም። «ና ስማ እስቲ፣ ልጅህ የጻፈችውን» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክፍሉ በሙሉ ተረት ጻፉ ተብሏል፣ ግን የድሮውን ተረት ገልብጣችሁ። ልዑል መጥቶ እስኪያድናት የማትጠብቅ ልዕልት፣ በግ የሚፈራ ተኩላ፣ እንዲህ ያለ ነገር። የእኔዋ ደግሞ ንጉሥ ጻፈች። ንግሥቲቱ በየማታው ሰይፏን ታጥቃ ትወጣለች፤ የአገሩን ሽማግሌዎች ከጅብ ስትጠብቅ አድራ ጠዋት ደክሟት ትገባለች። ንጉሡ አንድ ትከሻው ታሟል፣ ጦር ማንሣት አይችልም። ስለዚህ ሻሽ አስሮ ማጀት ይገባና ሽንኩርት ይከትፋል። እያለቀሰ ይከትፋል። ሕዝቡ እንዳያየው የቤተ መንግሥቱን መስኮት ሁሉ ይዘጋል። እንግዳ ሲመጣ ሻሹን አልጋ ሥር ወርውሮ፣ ሮጦ ዙፋኑ ላይ ይወጣና «ይህን ግሩም ወጥ ንግሥቲቱ ናት የሠራችው!» ይላል።

ዘውዴ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኔ ጆሮዬ ጋለ። አልጋ ሥር የምወረውረውን እንኳ አይታለች!

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ማትናስ፣ የሰፈሩ አዳራሽ ውስጥ፣ ልጆቹ በወላጅ ፊት ያነባሉ። ከዚያ ሁሉም ተሰብስቦ መጽሐፍ ሆኖ ይታተማል። ለካ የፈረምኩት ለዚህ ነው። ሐሙስ ደግሞ የሰፈራችን የአሚሻቭ ሽማግሌዎች እዚያው የሚሰበሰቡበት ቀን ነው፤ ልጆቹን አብረው ይስሙ ተብለዋል። ጋሼ አየልኝም አሉበት። ጋሼ አየልኝ የአባቴ ታናሽ ወንድም ናቸው፣ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ባልና ሚስት ሲጣሉ የሚጠሩት፣ ወንድ ልጅ እንዴት መኖር እንዳለበት የሚናገሩት እሳቸው ናቸው።

ፊቴን የት ላድርገው?

ሰኞ

እውነቱን ለዚህ ደብተር ካልነገርኩ ለማን ልነግር ነው።

ስምንት ወር ሆነኝ። ፋብሪካ ሣጥን ስደረድር የትከሻዬ ጅማት ተበጥሶ፣ ቀዶ ጥገና ተደርጎልኝ ቤት ዋልኩ። ዘውዴ ሌሊት ትሠራለች፣ ቀን ትተኛለች። መጀመሪያ ሰሞን ከሁለት ሰዓት እንቅልፍ በኋላ ዓይኗ ደም መስሎ ትነሣና ወጥ ትሠራ ነበር። አንድ ቀን ድስቱ አጠገብ እንደቆመች እንቅልፍ ወሰዳትና እጇን አቃጠላት። በማግሥቱ ማጀት ገባሁ።

አገራችን ቢሆን ማጀት የገባ ወንድ አለቀለት። ሴታ ሴት፣ ጓዳ ገብ፣ ይሉታል። ስሙ ለልጅ ልጁ ይተርፋል። ስለዚህ ወጥ ስሠራ ትሪሱን፣ የመስኮቱን መዝጊያ፣ እስከ ታች እለቀዋለሁ። ፊት ለፊታችን ባለው ሕንፃ ላይ የእኛ ሰዎች ሦስት ቤት አሉ። በር ሲንኳኳ ሻሹን እወረውራለሁ። (ሻሽ የማስረው የሽንኩርቱ ሽታ ፀጉሬ ላይ እንዳይቀር ነው። ይህን ለምን እንደማብራራ እንጃ።)

የምችለው፦

ምስር ወጥ፣ ጥሩ።

ሽሮ፣ ጥሩ። አንዳንዴ ይጓጉላል።

ድንች አልጫ፣ ዘውዴ የምትወደው።

ዶሮ። ብልት ማውጣቱን ከስልክ ላይ አይቼ ነው የተማርኩት። የመጀመሪያዋ ዶሮ ከአሥራ ሁለቱ ዘጠኝ ብቻ ወጣላት፤ የቀረው የት እንደገባ እስከ ዛሬ አላውቅም።

እንጀራ ከሱቅ።

ደግሞ ይጣፍጣል። ይህንንም ልጻፈው። በበዓሉ ጋሼ አየልኝ መጥተው ሁለቴ አስጨምረው በሉና «ዘውዴ፣ እጅሽ ይባረክ» ብለው መረቁ። ምርቃቱ በእኔ ላይ አልፎ ወደሷ ሲሄድ ቀናሁ። በገዛ ሚስቴ ቀናሁ! ግን ትንፍሽ አላልኩም።

ዛሬ ሂላ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ዘውዴ ተኝታ ነበር። ልጅቷን ቁጭ አደረግኋትና «ተረቱን አስተካክይው» አልኳት።

«ላማ?» አለች። ለምን፣ ማለቷ ነው። እኔ በአማርኛ እናገራለሁ፣ እሷ በዕብራይስጥ ትመልሳለች። ቤታችን እንዲህ ነው።

«ንጉሥ ማጀት አይገባም።»

ተረት ብቻ እኮ ነው አባ፣ አለችኝ። ሞራ ዳፍናም በጣም ወዳዋለች።

«ሰው ምን ይላል? ጋሼ አየልኝ ምን ይላሉ? አባትሽን እኮ ነው የጻፍሽው!»

ትክ ብላ አየችኝ። «ንጉሡ ጥሩ ሰው ነው» አለች። ይህን በአማርኛ ነው ያለችው።

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ፤ አላቆምኩም። አጠገቧ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና ነገርኳት። ንግሥቲቱ ወጥ ትሥራ። ንጉሡ ዙፋኑ ላይ ይቀመጥ። ጦር ይያዝ። እኔ በአማርኛ ስናገር እሷ ወደ ዕብራይስጥ እያዞረች በአዲስ ወረቀት ጻፈች። «ትከሻውስ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ትከሻው ደኅና ነው» አልኳት። በላጲስ አጠፋችው።

ሲያልቅ ደግሞ ደስ አለኝ። የትምህርት ቤት ሥራዋን ለመጀመሪያ ጊዜ አብሬያት ሠራሁ ብዬ ደስ አለኝ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ እኔ?

ማክሰኞ

ዘውዴ አወቀች።

ሂላ አልተናገረችም። ዘውዴ ናት ወደ ሥራ ከመውጣቷ በፊት «ያን ንጉሥ እስቲ በድምፅሽ አንብቢልኝ» ያለቻት። ልጅቷ አዲሱን አነበበች። እኔ የዘውዴን እራት ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ እያስገባሁ ነበር፤ ክዳኑ አልገጥም አለኝ።

ዘውዴ ስትቆጣ ድምፅዋ ይቀንሳል። ልጅቷን ወደ ክፍሏ ላከቻትና መጣች።

«ሰይፉ የት ሄደ?» አለችኝ።

«የምን ሰይፍ?»

«ንግሥቲቱ ሰይፍ ነበራት። ሌሊት ሽማግሌዎች ስትጠብቅ ታድር ነበር። እኔ ነበርኩ እኮ ታከለ። አፍረህ ራስህን ብትሰርዝ አንድ ነገር ነው። እኔንስ ምን በደልኩህ ሰረዝከኝ?»

ውሃ ሆንኩ። እውነት ለመናገር እሷን አላሰብኳትም ነበር። ስለ ራሴ ሻሽ ስጨነቅ እሷን ድስት ሥር መልሼ አቆምኳት፤ ያውም እጇን ያቃጠለችበት ድስት ሥር።

«ጋሼ አየልኝ ይመጣሉ» አልኳት።

«ይምጡ» አለችና ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። እራቷን ትታው ሄደች። ምስር ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ጥሩ ወጥቶልኝ ነበር።

ልጅቷ ክፍል ሄጄ «ተይው፣ የድሮውን አንብቢ» ማለት ነው የነበረብኝ። ሦስት ቃል ነው። በሯ ጋ ደረስኩና የጋሼ አየልኝ ፊት መጣብኝ፤ ተመለስኩ።

ረቡዕ

ለትከሻዬ የእንቅስቃሴ ሕክምና ወደ ከተማችን፣ ወደ ፔታ ቲክቫ መሃል ወረድኩ። ባቡር ልናመጣ ነው ብለው መንገዱን ቆፋፍረውት አውቶቡሱ እንደ ኤሊ ነው የሚሄደው። ሳልፈልግ ብዙ አሰብኩ።

ዘውዴ ታናግረኛለች፣ ግን «ጨው አልቋል»፣ «የውሃው ሰው ደውሎ ነበር»፣ እንዲህ እንዲህ ብቻ። ዛሬም እራቷን አልወሰደችም።

ሂላ ክፍሏ ውስጥ ለነገ ትለማመዳለች። ባለፈው ሳምንት ስትለማመድ ሰምቻት ነበር፤ ያኔ ምን እንደሆነ አላወቅሁም እንጂ። ለንጉሡ ወፍራም ድምፅ ታወጣለች፣ ለንግሥቲቱ ቀጭን፣ መሃል ላይ ራሷ ትስቃለች። ዛሬ የስልክ ቁጥር የምታነብ ነው የምትመስለው። ከበሩ ውጪ ቆሜ ሰማሁ። በሩን አላንኳኳሁም።

ፈሪ ነኝ። ይኸው ጻፍኩት።

ሐሙስ

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ይሻለኝ ነበር።

አዳራሹ ሞልቷል። ፊት ልጆቹ፣ መሃል ወላጆች፣ በግራ በኩል ሽማግሌዎቻችን ነጠላቸውን ለብሰው። ጋሼ አየልኝ በእጃቸው ጠሩኝና አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ዕብራይስጥ አይሰሙም፣ እኔ ላስተረጉምላቸው ነው። አስተርጓሚ እኔ! ግማሹን ለራሴም አይገባኝ።

ልጆቹ እየወጡ አነበቡ። አንዱ እሳት የሚፈራ ዘንዶ ጻፈ፤ ሻማ ሲያይ ይደበቃል። አንዷ የሠረገላ ጎማ የምትጠግን ልዕልት አመጣች፤ ልዑሉ ከጎኗ ቆሞ ብሎን ያቀብላታል። ሕዝቡ ይስቃል፣ ያጨበጭባል። ጋሼ አየልኝም የነገርኳቸውን ያህል ሳቁ። ዘንዶው ደስ አሰኛቸው።

ከዚያ ሂላ። ዘውዴ በሌላው በኩል ተቀምጣለች፣ እኔን አላየችኝም።

ልጄ ወረቀቱን ፊቷ ላይ ጋርዳ አነበበች። ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ንጉሡ ተቀመጠ፣ ንግሥቲቱ ወጥ ሠራች፣ በሉ፣ አለቀ። ማንም አልሳቀም።

«ምን አለች?» አሉኝ ጋሼ አየልኝ ወደኔ ዘንበል ብለው።

«ንግሥቲቱ ወጥ ሠራች፣ ንጉሡ በላ፣ ትላለች።»

«እሺ፣ ከዚያስ?»

«አለቀ።»

ጋሼም «ይኼማ ምኑ ነው ተረት? ሁልጊዜ የሚሆን አይደለም እንዴ!» አሉ።

ሳቅም መጣብኝ፣ ማልቀስም አማረኝ።

ሞራ ዳፍና ግራ ገብቷት ተነሣች። ለስለስ ባለ ድምፅ ጠየቀቻት፤ ይህን በደንብ ሰማሁት፣ ምነው ባልሰማሁት። ሂላ፣ ሽንኩርት የሚከትፈው ንጉሥ የት ሄደ? ሁላችንም ወደነው ነበር እኮ።

ሂላ አንገቷን ደፋች። «ተሳስቼ ነው» አለች። «በእውነት ንጉሥ ወጥ አይሠራም።»

ወደኔ ብታይ ይሻል ነበር። አላየችም። ለእኔ ብላ ነው ያላየችው፤ ሰው ዓይኗን ተከትሎ እንዳያገኘኝ። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ደበቀችኝ።

ተነሥቼ «እኔ ነኝ ያስቀየርኳት» ማለት እችል ነበር። አልተነሣሁም። አጨበጨብኩ። ብቻዬን ቀድሜ አጨበጨብኩ፣ እንደ ሞኝ።

ዓርብ

ጠዋት ዘውዴ ሳትገባ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ዓርብ ልጆቹ እስከ እኩለ ቀን ብቻ ነው የሚማሩት፤ ሞራ ዳፍናን ደወል ከመደወሉ በፊት በር ላይ ያዝኳት። መንገድ ላይ ቃላቱን እየደጋገምኩ ነው የሄድኩት፣ እንደ ተማሪ።

«ሲፑር ሪሾን» አልኳት። የመጀመሪያው ተረት። «ቶቭ። ሼኒ፣ አኒ። ሎ ሂላ። አኒ።» የመጀመሪያው ጥሩ፣ ሁለተኛው እኔ፣ ሂላ አይደለችም፣ እኔ። ደረቴን እየመታሁ። ያለፈ ያገደመው ሁሉ አየኝ።

ገባት። ፈገግ አለች፣ አልሳቀችብኝም። ቀስ እያለች ነገረችኝ። ገጾቹ እሑድ ጠዋት ለኅትመት ይሄዳሉ። የድሮው ወረቀት ሂላ ጋ አለ። ግን ሂላ ራሷ ፈቅዳ ማምጣት አለባት፤ የጻፈችው እሷ ናት፣ እኔም አይደለሁም፣ አንተም አይደለህም፣ የምትወስነው እሷ ናት፣ አለችኝ።

እየበረርኩ ተመለስኩ። አለቀ፣ ተገላገልኩ አልኩ። ድንቄም!

የሰንበቱን ዶሮ ጀመርኩ። ፀሐይ ሳትገባ ማለቅ አለበት። ሽንኩርቱ እሳት ላይ ሆኖ ሂላ ከትምህርት ቤት ገባች። ቦርሳዋን አስቀመጠች፣ እኔን አየች፣ መስኮቱን አየች። ተጣድፌ ትሪሱን ሳልዘጋው ቀርቼ ነበር። አንድ ቃል ሳትናገር ሄደችና ገመዱን ይዛ እስከ ታች ለቀቀችው። ከዚያ መብራቱን አበራችልኝ።

ማማሰያውን ይዤ ቀረሁ። ልጄ ናት እኮ የደበቀችኝ፣ ለሁለተኛ ጊዜ።

ምድጃውን አጥፍቼ አስቀመጥኳትና ነገርኳት። አስተማሪሽ ጋ ሄጄ ነበር፣ እሑድ የመጀመሪያውን ውሰጂላት፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት አልኳት። ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር።

«አልፈልግም» አለች።

«ለምን?»

«ይሥቁብሃል።»

በአማርኛ ነው። አጥርታ፣ እንዳልሳሳት። ባለፈው ሳምንት ይህን አታውቅም ነበር። የምትወደውን ንጉሥ ጻፈች እንጂ የሚያሳፍር ሰው አልጻፈችም። ማፈሩን እኔ ነኝ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ያስተማርኳት። የትምህርት ቤት ሥራ አብሬያት ሠራሁ ብዬ የተደሰትኩት እሱን ነው።

ዶሮውን ጨረስኩ። ሰንበት ገባ።

እሑድ

ትናንት ሰንበት ስለሆነ አልጻፍኩም። ዛሬ ጠዋት ቤቱ ጭር ሲል ልጻፍ።

ቅዳሜ ከጸሎት በኋላ ጋሼ አየልኝ መጡ። ሳንጠራቸው። «ያነበበችዋን ልጅ ልመርቃት ብዬ ነው» አሉ። ሂላን ግንባሯን ሳሟት። ከዓርብ ጀምሮ ማሞቂያው ላይ ያደረው ዶሮ ቀረበ። አራታችን ተቀመጥን። ዘውዴ ስምንት ሰዓት ተኝታ ስለነበር ፊቷ ወዝ ነበረው።

ጋሼ ጎረሱ። ደገሙ። ከዚያ እንደ ልማዳቸው ወደ ዘውዴ ዞሩና «እጅሽ ይባረክ» አሉ።

ዘውዴ አሜን ትል ነበር። ትናንት አላለችም። ዓይኗን ሳህኑ ላይ አደረገች። ሂላም መብላቷን አቆመች። ሁለቱም አላዩኝም፣ ግን ጠረጴዛው በሙሉ እኔን ይጠብቅ ነበር።

አምሳ ዓመት የሞላኝ ሰው ነኝ፣ ጦርነት ያየሁ፣ በእግሬ ሱዳን የገባሁ።

«ጋሼ» አልኩ፣ «እኔ ነኝ የሠራሁት።»

«ምኑን?»

«ዶሮውን። ምስሩንም። የበዓሉንም። ስምንት ወር ሙሉ እኔ ነኝ። ዘውዴ ሌሊት ትሠራለች። የሐሙሱንም ተረት እኔ ነኝ ያበላሸሁባት። ልጅቱ ንጉሡ ወጥ ይሠራል ብላ ነበር የጻፈችው፣ አፍሬ አስቀየርኳት።»

አንዴ ከጀመርኩ ማቆሚያ አጣሁ። ስለ ሻሹ እንኳ ነገርኳቸው። ምን ነካኝ!

የጋሼ እጅ እንጀራው ላይ ቆመ። ተነሥተው ይወጡ ይሆን፣ ምን ይሉ ይሆን እያልኩ ጠበቅሁ። ሳህኑን ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦

«ሽንኩርቱን ያለ ዘይት ነው ያቁላላኸው?»

«አዎን፣ ያለ ዘይት።»

«ቶሎ በርበሬ ጨመርክበት። ውሃው ጨርሶ ሳይመጥ ነው የጨመርከው። ትንሽ ብትታገሥ ኖሮ እንዲህ አይቀጥንም ነበር።»

ዓርብ ለሂላ ብዬ ምድጃውን አጥፍቼው ነበር። ከዚያ ስቸኩል በርበሬውን ጣልኩበት። ይህን ያወቁት በልተው ብቻ ነው። ዘውዴ ቀና አለች። እኔም ቀና አልኩ።

«እርስዎ ይህን በምን አወቁ?» አለቻቸው።

ጋሼ እንደ ልጅ ተሽኮረመሙ። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። «ኧረ ተዪኝ» አሉ። አልተወቻቸውም። በመጨረሻ ወደኔ እየጠቆሙ፣ «ለዚህ ብዬ ነው» አሉ። «ብርቄ ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሴት ልጅ ወልዳ ያራስ ጎጆ ገባች። ሴት ከሆነች ሰማንያ ቀን ነው፣ ታውቂያለሽ፣ ቤት አትገባ፣ ድስት አትነካ። ጎረቤት አንድ ሁለት ሳምንት አመጣልን። ከዚያ እርሻ ደረሰ፣ ሰው ሁሉ በየሥራው። እኅት የለኝ። ልጁ ጦሙን ይደር?»

ያ ልጅ እኔ ነኝ። ሰባት ዓመቴ ነበር። ጎጆውን አስታውሳለሁ፣ ከቤቱ ራቅ ብሎ በድንጋይ የተከበበ። በዚያ ሰሞን ጋሼ ፀሐይ ሳትጠልቅ በሩን ይቀረቅሩ ነበር። እኔን ከብት አስገባ ብለው ውጪ ይልኩኛል፣ ስመለስ ወጡ ደርሶ አገኛለሁ። የጎረቤት ሴት ናት የምታመጣው እያልኩ በላሁ። ይህን ሁሉ ዘመን ጠይቄ አላውቅም።

ሂላ አፏን ከፍታ ትሰማለች። «አፍረህ ነበር?» አለቻቸው።

«አፍረው ነበር በይ!» አለች ዘውዴ።

ጋሼ አልቆጧትም። «አዎን» አሏት። «በጣም። ግን ልጁ በላ።»

ከዚያ ጣታቸውን ቀሰሩባት። «ይህን ደግሞ እንዳትጽፊው! ስሜን እንዳታጠፊ!» ሂላ አልጽፍም ብላ ማለች። እሷ አልጻፈችም፤ እኔ ግን ይኸው ጻፍኩት። ደብተሩን የሚያነብ የለም።

ሲሄዱ በር ላይ ቆመው ቤቱን አዩ፣ ዘውዴን አዩ፣ እኔን አዩ። የምርቃቱ ነገር ቸገራቸው። በመጨረሻ «እጃችሁ ይባረክ» ብለው በደረጃው ወረዱ። ዘውዴ በሩን ዘግታ ሳቀች። ካለፈው እሑድ ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አልሰማኋትም።

ዛሬ ጠዋት። ሂላ ጫማዋን ካደረገች በኋላ በር ላይ ቆማ ቀረች። በእጇ ሁለት ወረቀት ይዛለች፣ አንዱ ተጣጥፎ የተጨማደደ፣ አንዱ ንጹሕ።

«አባ፣ ቢሥቁስ?»

ይሣቁ፣ ምን ቸገረኝ ልላት ነበር። ውሸት ሆነብኝ። አንዴ አስተምሬያታለሁ፣ ይበቃል።

«አፍራለሁ» አልኳት። «ጥቂት አፍራለሁ። አንቺ ግን ደብቂኝ አላልኩሽም። አንቺ ያልሽውን ውሰጂ።»

አሰበች። ንጹሑን ወረቀት አጠፈችና ሰጠችኝ። የተጨማደደውን ደብተሯ መሃል አስገባች። «በሰደር»፣ እሺ፣ አለችና ሄደች። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ስትወርድ ሰማኋት።

አሁን ሁለት ሰዓት አልፏል። ወረቀቱ ሞራ ዳፍና ጋ ደርሷል። ጆሮዬ አሁንም ይግላል። ነገ ከነገ ወዲያ መጽሐፉ በየቤቱ ይገባል፣ ፊት ለፊት ሕንፃም ይገባል፤ ምን እንደሚሉኝ እንጃ። ዘውዴ ከሥራ ልትደርስ ነው። ትናንት ማታ እራቷን ይዛ ነው የወጣችው።